ከስልጠናው በኋላ፣ በእረፍት ሰዓት
(ስለ ኦቲዝም ለተማሪዎች የሚሰጥ ስልጠና ጥቅምና ጉዳት፤ ለመምህራንና ለወላጆች ከቀረበ ንግግር የተዘጋጀ)

ውድ መምህራን፣ ውድ ወላጆች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

አንድ ትምህርት ቤት ኦቲዝም (ከሰው ጋር በመግባባትና ነገሮችን በመቀበል ላይ የሚታይ የእድገት ልዩነት) ያለው ልጅ ተቀበለ እንበል። ርእሰ መምህሩ ቅን ሰው ናቸው፤ ልጁ እንዳይገለል ብለው ለክፍሉ ተማሪዎች «የግንዛቤ ማስጨበጫ ስልጠና» ያዘጋጃሉ። የተጋበዙት ባለሙያ 40 ደቂቃ ስለ ኦቲዝም ያስረዳሉ፣ ሥዕል ያሳያሉ፣ «አናግላቸው፣ እንርዳቸው» ብለው ይቋጫሉ። ይጨበጨባል። ተማሪዎቹ ስልጠናው ሳይጀመር የሞሉትን ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ እንደገና ይሞሉታል፤ ውጤቱ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ ሪፖርት ይጻፋል።

ከዚያ የእረፍት ደወል ይደወላል። ልጁ ትናንት ቆሞ ወደዋለበት የአጥር ጥግ ሄዶ ይቆማል።

ያ መጠይቅ ስለዚህ ልጅ የሚነግረን ነገር የለም። የተለኩት እኩዮቹ ናቸው። ልጁ አብሮት የሚጫወት አግኝቶ እንደሆነ፣ የሚጎነትሉት ቀንሰው እንደሆነ፣ ወይም ትናንት በስሙ ይጠሩት የነበሩት ዛሬ «ያ ኦቲዝሙ» ማለት ጀምረው እንደሆነ መጠይቁ አያውቅም። ስለዚህ ስልጠና ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል ብለን ስንጠይቅ መጀመሪያ የምንለካውን ሰው መቀየር አለብን። የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ለእኩዮቹ ስለ ልጁ ብቻ የሚያስረዳ ስልጠና ሊጎዳው ይችላል፤ እኩዮቹ በእረፍት ሰዓት የሚያደርጉትን የሚቀይር ስልጠና ይጠቅመዋል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት በዝርዝር እንየው።

ልብ ይለሰልሳል፣ ተስፋ ይቀንሳል

«ማወቅ ደግሞ ምን ክፋት አለው?» የሚል ይኖራል። መልሱን ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያስፈልግም። በአገራችን ገጠር በሚሠሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ሦስት ቡድኖች ተነጻጸሩ። 104 ሠራተኞች የአእምሮ ጤናን የሚያካትት መሠረታዊ ስልጠና የወሰዱ ነበሩ። 97ቱ በዚያ ላይ ስለ ልጆች እድገት ችግሮች የቪዲዮ ትምህርትና የኪስ መመሪያ ተጨምሮላቸዋል። 108ቱ ስልጠናውን ጭራሽ አልወሰዱም። የሠለጠኑት ካልሠለጠኑት ያነሰ አሉታዊ እምነት ታየባቸው፤ ኦቲዝም ካለው ልጅ የመራቅ ዝንባሌያቸውም ቀንሶ ተገኘ። ቪዲዮና መመሪያ የተጨመረላቸው ደግሞ በዚህ ከሁሉም በለጡ። እሰየው ያሰኛል። ነገር ግን እነዚሁ ይበልጥ የሠለጠኑት፣ ልጁ ወደፊት ምን ሊሆን ይችላል በሚለው ላይ ካልሠለጠኑት ይልቅ ዝቅ ያለ ተስፋ ነበራቸው።

ይህን ውጤት በችኮላ አንለፈው። አንድ ሰው ሊከራከር ይችላል፦ ያልሠለጠኑት «ሲያድግ ይተወዋል» ብለው ስለሚያስቡ ነው ተስፋቸው ከፍ ያለው፤ ስልጠናው ወደ እውነቱ አቀረባቸው እንጂ አልጎዳም። ክርክሩ ውኃ የሚያነሳ ነው፤ በከፊል እውነት ሊሆን ይችላል። ይሁን እንጂ ዝቅ ያለ ተስፋ በ10 ዓመት ልጅ እጅ ላይ ምን እንደሚሠራ አስቡ። ኳሱን አያቀብለውም፤ አይችልም ብሏላ። በቡድን ሥራ ላይ እርሳስ እንዲቀርጽ ይሰጠዋል። የሒሳብ መልሱን አይጠይቀውም፤ ልጁ መልሱን እያወቀው። ይህ ሁሉ ያለ ክፋት፣ እንዲያውም በደግነት ይደረጋል። ከንፈር ይመጠጥለታል፣ ብስኩት ይሰጠዋል፣ ጨዋታ ላይ ግን አይጠራም።

የግንዛቤ ሥራ ከንቱ ነው አላልንም። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን በአዲስ አበባ ሲከፍቱ ቃሉን የሚያውቀው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ልጆች ጓዳ ውስጥ ይደበቁ ነበር። ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ የእድገት ችግር ያለባቸውን ልጆች በሚያሳድጉ 102 የአዲስ አበባ ወላጆችና አሳዳጊዎች ላይ በተደረገና በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 45.1 በመቶው በልጃቸው ሁኔታ ኀፍረት እንደሚሰማቸው፣ 26.7 በመቶው ደግሞ ሁኔታውን ከሰው ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናግረዋል። ጓዳውን ለማስከፈት የግንዛቤ ሥራ አስፈልጓል፣ ዛሬም ያስፈልጋል። ከጓዳ የወጣው ልጅ አሁን ክፍል ውስጥ ተቀምጧል፤ ክፍል ውስጥ የሚያስፈልገው ሥራ ግን ሌላ ዓይነት ነው።

ችግሩ በየት በኩል ነው?

ኦቲዝም በ1943 እ.ኤ.አ. በሕፃናት የአእምሮ ሐኪሙ በሊዮ ካነር ከተጻፈበት ጊዜ አንስቶ ለአሥርት ዓመታት ጥያቄው «ልጁ ምን ጎደለው?» የሚል ነበር። በ2012 እ.ኤ.አ. ራሱ ኦቲዝም ያለው እንግሊዛዊው የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር ዴሚያን ሚልተን ነገሩን ገለበጠው፦ አለመግባባት የሁለት ወገን ነው፤ ኦቲዝም ያለው ሰው ሌላውን ለመረዳት ቢቸገር፣ ሌላውም እሱን ለመረዳት ይቸገራል። በኤዲንብራ፣ ስኮትላንድ የተመራ የተመራማሪዎች ቡድን ይህን በጆሮ ለጆሮ ሹክሹክታ በሚመስል ዘዴ ፈተነው፤ አንዱ ለሌላው ታሪክ እየነገረ እስከ መጨረሻው ሰው ይደርሳል። በ2020ም ሆነ ሰፋ ብሎ በ2025 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት፣ ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች እርስ በርሳቸው መረጃ ሲቀባበሉ ከሌላው ሰው አላነሱም።

ለዛሬው ጉዳያችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን በዳላስ፣ ቴክሳስ ተመራማሪው ኖዋ ሳሰን እና ባልደረቦቹ የሠሩት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሰዎች ኦቲዝም ያላቸውንና የሌላቸውን ሰዎች በአጭር ቪዲዮ አይተው እንዲገምቱ ተጠየቁ። ኦቲዝም ያላቸውን በጥቂት ቅጽበት ውስጥ ዝቅ አድርገው ገመቱ፤ አብረዋቸው ለመቀመጥም ለማውራትም ፈቃዳቸው ያነሰ ሆነ። የተናገሩት ነገር ያለ ድምፅና ያለ ምስል፣ በጽሑፍ ብቻ ሲቀርብ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ሰዎቹን ያስጠላቸው የንግግሩ ይዘት አልነበረም፤ የድምፁ ዜማና የሰውነቱ አኳኋን ነበር። ይህን ወደ ክፍላችን ስናመጣው፣ የልጁ እኩዮች ፍርዳቸውን የሰጡት ባለሙያው ከመምጣታቸው በፊት፣ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ስልጠና ያንን ፍርድ ይሽረዋል? ያው ቡድን በ2021 እ.ኤ.አ. 238 አዋቂዎችን በሦስት ከፍሎ ፈተነ፦ ስለ ኦቲዝም የሠለጠኑ፣ ስለ አእምሮ ጤና በጥቅሉ የሠለጠኑ፣ ያልሠለጠኑ። ስለ ኦቲዝም የሠለጠኑት በአፋቸው የሚናገሩት ተሻሻለ፤ የተሳሳተ እምነታቸው ቀነሰ፣ ግምታቸውም ከፍ አለ። ሳያስቡት በፍጥነት የሚሰጡት ምላሽ ሲለካ ግን ለውጥ አልታየም፤ ኦቲዝምን ከደስ የማይል ነገር ጋር ማያያዛቸው ቀጠለ። መጠይቃችን የሚይዘው የመጀመሪያውን ነው። በእረፍት ሰዓት ቡድን ሲከፈል የሚሠራው ሁለተኛው ነው።

ጉዳቱ የሚገባባቸው በሮች

የመጀመሪያው በር ቃላችን ነው። «ኦቲዝም ያለበት» እንላለን። «ያለበት» ከምን ጋር እንደሚሄድ አዳምጡ፦ ዕዳ ያለበት፣ ክስ ያለበት፣ ሱስ ያለበት። ችሎታ ግን «ያለው» ነው፤ ወንድም ያለው፣ ቤት ያለው። ያች «በት» ሸክም ታሸክማለች። «ተጠቂ» ደግሞ ይብሳል፤ ያጠቃው ጠላት ያለ ይመስላል፣ ልጁም የተሸነፈ። አንድ ሰው ሳይሰለች 40 ደቂቃ ሙሉ «ተጠቂዎች» ሲል የዋለበት ክፍል፣ ስላይዱ ላይ ምንም ቢጻፍ የሚይዘው ያችን ቃል ነው። «ኦቲዝም ያለው ልጅ» ማለት ሰዋስዉም ይፈቅዳል፣ አፍም ይለምደዋል።

ሁለተኛው፣ የምልክት ዝርዝር ነው። «ዐይን ለዐይን አያይም፣ ቃላት ይደጋግማል፣ እጁን ያራግባል፣ ብቻውን መሆን ይወዳል።» ዝርዝሩ ለሐኪም የተዘጋጀ ነው፤ ሐኪም ይለይበታል። ለተማሪ ሲሰጥ ልጁን መፈለጊያ ይሆናል። በዚያ ላይ ከሌላ አገር በቀጥታ የተወሰደ ዝርዝር እኛ ዘንድ ያሳስታል፤ ታላቅ ሲያናግረው ዐይኑን መሬት ላይ የሚተክል ልጅ እኛ ጨዋ እንለዋለን። «ብቻውን መሆን ይወዳል» የሚለው ደግሞ ከሁሉም አደገኛ ነው፤ ለማግለል ፈቃድ ይሰጣል። አንዳንዱ ልጅ በእርግጥ ብቻውን መሆን ይፈልጋል፤ ብዙው ግን ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሦስቴ ስለተገፋ ነው ጥጉን የያዘው።

ሦስተኛው የማስመሰል ልምምድ ነው፤ ጆሯቸውን በከፍተኛ ድምፅ ሞልቶ፣ ዐይናቸው ላይ መብራት አብርቶ «እነሱ እንዲህ ነው የሚሰማቸው» ማለት። በአካል ጉዳት የማስመሰል ልምምዶች ላይ በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ተሳታፊዎቹ ርኅራኄያቸው ቢጨምርም ፍርሃት፣ ግራ መጋባትና የአቅመ ቢስነት ስሜትም አብሮ እንደጨመረ አሳይቷል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ለ5 ደቂቃ የሚጨነቅ ልጅ የሚቀምሰው ድንጋጤውን ብቻ ነው፤ ሌላው ልጅ በ10 ዓመት ያዳበረውን ብልሃት፣ የሚያስደስተውን፣ የሚችለውን አይቀምስም። ይህን ልምምድ እንዲያው ብትተዉት ይሻላል።

አራተኛው «ረዳት» መመደብ ነው። የክፍሉ አለቃ ወይም አንደኛ የምትወጣዋ ተማሪ «አንቺ ተከታተዪው» ትባላለች። እሷ ትጠብቀዋለች፣ ጫማውን ታስርለታለች፣ ሲያጠፋ ለመምህር ትናገራለች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ትንሽ ሞግዚት ሆና ትገኛለች። የማኅበራዊ ሥነ ልቦና ጥናት ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሲለው የኖረው ነገር አለ፦ ሁለት ወገን ተቀራርቦ ጥላቻ የሚቀንሰው በእኩልነት፣ ለጋራ ግብ ሲሠራ ነው። ጠባቂና ተጠባቂ እኩል አይደሉም።

አምስተኛውን ስለ ማሳወቅ ስንነጋገር እንመለስበታለን።

የሚሠራው ምን ይመስላል?

በሎስ አንጀለስ ተመራማሪዋ ኮኒ ካሳሪ እና ባልደረቦቿ በ2012 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት መነሻ ይሆነናል። ከ6 እስከ 11 ዓመት የሆናቸው፣ በመደበኛ ክፍል የሚማሩ 60 ኦቲዝም ያላቸው ልጆች ነበሩ። ለአንዳንዶቹ አዋቂ ሰው ልጁን ራሱን አሠለጠነ፤ ለአንዳንዶቹ ከክፍሉ ሦስት እኩዮች ሠለጠኑ፤ ለአንዳንዶቹ ሁለቱም ተደረገ፤ ለቀሩት አንዱም አልተደረገም። እኩዮች የሠለጠኑላቸው ልጆች በክፍሉ የጓደኝነት መረብ ውስጥ ጎልተው ታዩ፤ ጓደኛዬ ነው ብሎ የሚጠራቸው በዛ፤ በመጫወቻ ሜዳ ብቻቸውን መቆማቸው ቀነሰ። ከ12 ሳምንት በኋላም ጸንቶ ተገኘ። ልብ በሉ፦ ሦስቱ ልጆች የተማሩት መጫወቻ ሜዳ ላይ የሚቸገር ልጅን እንዴት ወደ ጨዋታ ማስገባት እንደሚቻል ነው። ስለ ኦቲዝም ምንነት የተሰጠ ትምህርት አልነበረም።

ይህን 50 እና ከዚያ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል እንዴት እንሥራው? ከሦስት እስከ አምስት ልጆች ምረጡ። ጎበዞቹን ወይም አለቆቹን አትፈልጉ፤ አንድ ሳምንት ብቻ በእረፍት ሰዓት ቆማችሁ ተመልከቱ። ሳይነገረው አጠገቡ የሚቀመጥ ልጅ አለ፤ የመኪና ስም አብሮት የሚቆጥር አለ፤ ወደ ቤት አብሮት የሚሄድ የሰፈር ልጅ አለ። እነሱን ውሰዱ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ 20 ደቂቃ፣ ለስድስት ሳምንት አሠልጥኑ። ትምህርቱ ከአምስት ተግባር አይበልጥም።

ከፊት ለፊት ወይም ከጎን ቅረብ፤ ከኋላ አትምጣ፣ አትንካ። ስሙን ጥራና አንድ ነገር ብቻ ጠይቅ። ከዚያ ጠብቅ፤ በልብህ እስከ 10 ቁጠር። መልስ ካልመጣ ሁለት ምርጫ አሳይ፣ በቃል ብቻ ሳይሆን በእጅህ ይዘህ፦ ብይ ወይስ ገመድ። እምቢ ካለ «እሺ» ብለህ ሂድ፣ በሚቀጥለው እረፍት ተመልሰህ ጠይቅ።

ከእነዚህ ሁሉ የሚከብደው መጠበቁ ነው። አሥር ሰከንድ ለሕፃን ዘላለም ነው። ሦስት ሰከንድ ላይ ጥያቄውን በሌላ ቃል ይደግመዋል፦ «ትጫወታለህ? ማለቴ ከእኛ ጋር ትመጣለህ? ብይ ነው እኮ!» ኦቲዝም ላለው ልጅ ይህ ሦስት የተለያየ ጥያቄ ነው፤ የመጀመሪያውን አውጥቶ አውርዶ ሊመልስ ሲል ሁለተኛው ይመጣና ከዜሮ ይጀምራል። ዝም ይላል። ጠያቂው «አይፈልግም» ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ከ20 ደቂቃው ግማሹን መጠበቅን ብቻ አለማምዷቸው፤ ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ እየጠየቀ ሌላው ሆን ብሎ ዘግይቶ እየመለሰ።

ቀጥሎ ጨዋታው ነው። ኳስ ለመጀመሪያ አይሆንም፤ ሩጫው፣ ጩኸቱ፣ ቡድን መከፋፈሉ ሁሉ አንድ ላይ ይመጣል። ተራ ያለው ጨዋታ ይሻላል፦ ሰኞ ማክሰኞ፣ ሱዚ፣ ብይ። ሰኞ ማክሰኞ መስመሩ መሬት ላይ ተሰምሯል፤ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ይታያል። ብይ ላይ አንድ ችግር አለ፤ ሕጉ ከሰፈር ሰፈር ይለያያል፣ በጨዋታው መሃልም በጩኸት ይለወጣል። ሌሎቹ ልጆች ለውጡን ከጩኸቱ ቃና ይረዱታል። ይህ ልጅ ግን ሲጀመር የተባለውን ይዞ ይሟገታል፤ ሲገፉት ለመምህር ይናገራል፤ «አሳባቂ» ይባላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሳይጀመር ሦስት ሕግ ይባላል፣ ሕግ መቀየር የፈለገ ዙሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል። ይህን ደንብ ለሁሉም አድርጉት፤ ሌሎቹም ጭቅጭቃቸው ይቀንሳል።

ለክፍሉ ሁሉ ልትሰጡ የምትችሉት አንድ ትምህርት ደግሞ አለ፤ በውስጡ «ኦቲዝም» የሚለው ቃል አንድ ጊዜ እንኳ አይነሳም። ሰሌዳው ላይ «ያልተጻፉ ሕጎቻችን» ብላችሁ ጻፉና ተማሪዎቹን ጠይቁ። መጀመሪያ ዝም ይላሉ፤ አንድ ምሳሌ ስትሰጡ ይጎርፋል። «ደህና ነህ?» ተብሎ ሦስቴ ቢጠየቅ፣ መልሱ አንድ ሆኖ ሳለ ሦስቴ «ደህና» ይባላል። «ብላ» ሲባል መጀመሪያ «በቃኝ» ይባላል፤ እየራበው። «መጣሁ» የሚለው ሰው እየሄደ ነው። «እስቲ እናያለን» ብዙውን ጊዜ «አይሆንም» ማለት ነው። ጉርሻ ባትፈልገውም አፍህን ትከፍታለህ። ተረብ ላይ «አንተ አህያ» ያለህ ጓደኛህ ነው፤ በሌላ ፊት ከተባለ ስድብ ነው። ሰሌዳው ሲሞላ «ይህን ሁሉ ማን አስተማራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። ማንም አላስተማራቸውም። ከዚያ ቀጥሉ፦ «በቃኝ» ሲል እውነቱን የሚናገር፣ «መጣሁ» ሲባል የሚመጣ የሚመስለው ልጅ ቢኖር እናንተ ምን ትሉታላችሁ? ምንስ ብትሉት ይሻላል? በዚህ ትምህርት ስለ አንድ ልጅ ጉድለት አልተነገረም፤ እነሱ ራሳቸው ሳያውቁት ምን ያህል እንቆቅልሽ እንደሚናገሩ ነው ያዩት። ከፍ ላሉት ክፍሎች ተረቡ ላይ ቆዩ፤ ጉልበተኞች ስድብን በተረብ ሸፍነው የሚያሳልፉት እዚያ ነውና «ይብቃ» ሲባል ወዲያው የሚቆምበት ቃል አብረው ይወስኑ።

ሌላው ከሁሉም የሚቀድም ሥራ ከሰው ጋር የተያያዘ አይደለም። ሚኒ ሚዲያው በእረፍት ሰዓት በትልቅ ድምፅ ማጉያ ሙዚቃ የሚለቅ ከሆነ፣ መጋቢት 24 የዓለም የኦቲዝም ቀንን አስመልክቶ በዚያው ድምፅ ማጉያ መልእክት ከማስተላለፍ በፊት ድምፅ ማጉያውን ከመጫወቻው ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙሩት። ጆሮውን ይዞ የሚሸሽን ልጅ የትኛውም የሠለጠነ ጓደኛ ወደ ጨዋታ አይመልሰውም።

ይነገር ወይስ አይነገር?

አሁን ወደ አምስተኛው በር እንምጣ። የተነገረ ነገር ተመልሶ አይሰበሰብም። ክፍል ውስጥ የተባለው ከሰዓት ሰፈር ይደርሳል፤ ከሰፈር እድር፤ ከዚያም ወላጆች በልባቸው ይዘው የማይናገሩት ጭንቀት አለ፣ የእኅቱ የወንድሙ የወደፊት ትዳር። ይህን ፍርሃት «ኋላ ቀርነት» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ሦስት ደረጃ አለ፦ ስሙም ኦቲዝምም ሳይነሳ ስለ አብሮ መጫወት ማስተማር፤ ስለ ኦቲዝም ያለ ስም ማስተማር፤ ስሙን ጠርቶ ማስረዳት። ብዙ ትምህርት ቤት ሁለተኛውን «ገለልተኛ» ብሎ ይመርጠዋል። በክፍሉ ውስጥ ጎልቶ የሚለይ አንድ ልጅ ብቻ ካለ ግን ሁለተኛው ከሦስተኛው አይለይም፤ ባለሙያው «እጁን ያራግባል» ሲሉ 50 አንገት ወደ አንድ ዴስክ ይዞራል። ልዩነቱ ልጁ ሳይፈቅድ መነገሩ ብቻ ነው።

መንገር የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። በዳላሱ ቡድን በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው ጥናት፣ ተመልካቾች ሰውየው ኦቲዝም እንዳለው ሲነገራቸው ግምታቸው ተሻሽሏል፤ በተለይ ስለ ኦቲዝም የተሻለ እውቀት በነበራቸው ላይ። ይህ የሚሆነው ባሕርይው አስቀድሞ ስለሚታይ ነው፤ ሰዎች የራሳቸውን ማብራሪያ ሰጥተውታል። ልጁን «እብድ»፣ «ባለጌ»፣ «ጋኔን አለበት» እያሉት ከሆነ እውነተኛው ስም ከእነዚህ ሁሉ ይሻለዋል። ሳይታወቅበት የሚኖር ልጅ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። እሱ ምናልባት ቀኑን ሙሉ ሌሎቹን እየመሰለ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ደብቆ እያራገበ ነው የሚውለው። ይህ ማስመሰል ዋጋ ያስከፍላል፤ ኦቲዝም ባላቸው አዋቂዎች ላይ ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። ቢሆንም መቼና ለማን እንደሚናገር የሚወስነው እሱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ይሁን። መጀመሪያ ልጁን ራሱን ጠይቁ፤ መናገር ካልቻለ በሥዕል ካርድ፣ በ«አዎ» እና «አይ»፣ ከአንድ ቀን በላይ ወስዳችሁ። ቀጥሎ የሚባለው ነገር በአንድ ገጽ ይጻፍ፤ እሱና ወላጆቹ አንብበው ይፈርሙበት፣ የማይፈልጉትን ይሰርዙ። ገጹ ላይ ግማሹ ስለሚወደውና ስለሚችለው ይሁን፣ ቀሪው እኩዮቹ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ። ልጁ ክፍል ውስጥ ይሁን ወይስ ውጭ የሚለውንም እሱ ይምረጥ። ኦቲዝም ያለው አዋቂ ሰው መጥቶ ቢናገር ከማንኛውም ባለሙያ ይበልጣል፤ ግን ተከፍሎት፣ የሚናገረውን ራሱ መርጦ።

ምን እንለካ?

ወረቀትና እርሳስ ይበቃል። በእረፍት ሰዓት ለ10 ደቂቃ፣ በየደቂቃው አንድ ምልክት፦ ብቻውን፣ አጠገባቸው፣ አብሮ እየተጫወተ። ከስልጠናው በፊት አራት ቀን፣ ካለቀ በኋላ አራት ቀን፣ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና አራት ቀን። ሦስተኛውን አትዝለሉት፤ አብዛኛው ሥራ የሚከስመው አሠልጣኙ ከሄደ በኋላ ነው። ለክፍሉ ሁሉ ደግሞ «በእረፍት ከማን ጋር ትጫወታላችሁ?» የሚል ጥያቄ ስጡ። «ከማን ጋር መጫወት አትፈልጉም?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ፤ የጥላቻ ዝርዝር በራሳችሁ እጅ ማስጻፍ ይሆናል። ቁጥሩ ካልተሻሻለ ስልጠናው ይቀየር። ልጁ ትምህርት ቤት አልሄድም ማለት ከጀመረ፣ ምሳውን ሳይነካ መመለስ ካበዛ ሦስት ወር አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት ይቁም።

አንድ ጥያቄ ከወላጆች ደጋግሞ ይመጣል፦ «ልጄ በእውነት ብቻውን ማረፍ ቢፈልግስ?» ይፈልጋል፤ ሦስት ክፍለ ጊዜ ጩኸት ውስጥ ተቀምጦ የወጣ ልጅ እረፍቱን ለማረፍ ቢጠቀምበት ትክክል ነው፤ በመለኪያችን ላይ «ብቻውን» የሚለው ምልክት ሁልጊዜ ውድቀት አይደለም። ለመለየት የሚረዳ ቀላል ነገር አለ፦ ከካርቶን የተቆረጠ፣ መዳፍ የሚያህል ካርድ፤ በአንዱ ገጽ ቀይ፣ በሌላው አረንጓዴ። ቀዩ «አሁን ብቻዬን»፣ አረንጓዴው «ኑ»። የሠለጠኑት እኩዮች ቀይ ሲያዩ ያልፋሉ፤ አረንጓዴ ሲያዩ ይቀርባሉ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መምህሩ ካርዱን ጠረጴዛው ውስጥ አስቀምጦ በእረፍት ሰዓት ሲያድለው ነው፤ ያኔ ልጁ የመምህሩን ፊት አይቶ አረንጓዴውን ያሳያል። ካርዱ ከልጁ ኪስ አይውጣ፤ ቢጠፋበት የሚተካ ሁለት ሦስት ቅጂ ቀድማችሁ ቁረጡ።